በሴራሚኩ ውስጥ የበቀለው ፀጉር

ይህ የሆነ ነው። ተረት ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ሌላ ቻናል ሂዱ።

ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ላይ ያለ የኪራይ ቤት። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው።

ቤቱን ላብራቶሪ ያደረገው ዶክተር እንደሻው ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንበትም።

የምንሠራው የሊቲየም ባትሪ ነው። የተለመደው ባትሪ ሆዱ ፈሳሽ ነው። የእኛ ግን ደረቅ ሴራሚክ፣ ከሳንቲም የሳሳ። ችግሩ አንድ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ያበቅልና ሴራሚኩን ሰንጥቆ ባትሪውን ይገድለዋል።

ዶክተሩ «አስቁሜዋለሁ» ብሎ ለዘጠኝ ሰዓት እንግዶች ጠርቷል።

አላስቆመም። ያስቆመው የእኛን አፍ ብቻ ነው።

ባልደረባዬ ሰገነት አንዱን ባትሪ ፈልቅቃ ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፋች ጠራችኝ።

«ና... እይ።»

አየሁ። የሊቲየም ክር ግራጫና ደረቅ ነው። ይሄኛው... ጥቁር ነበር። የተጠቀለለ።

የሰው ፀጉር።

«ያንቺ ነው» አላት ዶክተሩ። «ንጽሕና አታውቂም።»

ሰገነት ሻሿን ፈታች። አባቷ ከሞቱ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ራሷን ተላጭታለች።

እሱና እኔ ደግሞ መላጣ ነን።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምንም አልበቀለም ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። እሱን ብቻ የናቅኩ እንዳይመስላችሁ፤ ራሴንም ነው።

ከዚያ እጆቹን በታሸገው የመስታወት ሣጥን ግድግዳ ላይ በተገጠሙት ጓንቶች ውስጥ ከተተ። ሣጥኑ ውስጥ አየር የለም፤ አርጎን የሚባል ጋዝ ብቻ ነው። ሌላ ባትሪ ፈለቀቀ።

እዚያም ፀጉር።

በወረንጦ ሳበው... መጣ። ሳበው... አሁንም መጣ። አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ...

«ይተዉት» አለች ሰገነት በሹክሹክታ። «የሚያመው ሰው ቢኖርስ?»

«ደንቆሮ» አላት።

መኪና ደጅ ላይ ቆመ። ፀጉሩን እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ጥሎ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ ወጣ። እኛንም አስወጥቶ በሩን ቆለፈ።

በረንዳው ላይ ለእንግዶቹ መጀመሪያ የጀጎልን ግንብ አሳያቸው። ቀጥሎ «አንድም ክር አልበቀለም» አላቸው። አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን።

ከዚያ ሊያስጎበኛቸው በሩን ከፈተ።

ፀጉሩ... ተጎንጉኖ ነበር።

ሹሩባ። ልቅም ያለ፣ እናት ለልጇ እንደምትሠራው።

እንግዶቹ ወደ ሣጥኑ ተጠጉ።

«ንፋስ ነው» አለ ዶክተሩ።

ንፋስ። አየር በሌለበት ሣጥን።

ሰገነት ክንዴን ጨመቀችው። የሹሩባው ጫፍ ገና አላለቀም። ባዶዎቹ ጓንቶች ወደ ውስጥ ተዘርግተዋል... ጣቶቻቸው ቀስ ብለው ይጎነጉናሉ።