ደውዬ የጠራኋቸው

ልጅ ሳለሁ፣ ይፋግ ሩዝ ማሳ ዳር፣ አባቴና አንድ እንግዳ ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። ግማሹ ጠፍቶብኛል። ይቺ ግን ቀርታለች፦

«ጮኼ ጠራኋቸው...» አለ እንግዳው።

«ታዲያ ደረሱልህ?»

«ቀድመው እዚያው ነበሩ።»

ነገሩ የገባኝ ባለፈው ክረምት ነው። እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር፣ እዚሁ ቤቴ ውስጥ። እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አንድ ቃል አልጨመርሁም።

ተከራያችን ምናሴ ከሐዋሳ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ሰፈር የሚጠብቁት ሮንዶች «ፀጉረ ልውጥ» ያሉትን ሁሉ ይወስዱ ነበር።

የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየንም።

በሩ ተንኳኳ።

«ጋሽ ኪዳነ ወልድ፣ ይክፈቱ። ሮንዶች ነን። ተከራይዎን ለጥያቄ ነው።»

«ከዚያው ጠይቁት፤ ጆሮው ደህና ነው!» አለች ባለቤቴ ሥርጉት።

ውጭ ተሳቀ።

የሰፈሬን ልጆች ድምፅ አውቃለሁ። ይህን ግን... አላወቅሁትም።

የጓሮው አጥር ላይ ጠርሙስ ተሰክቶበታል። ሌላ መውጫ የለንም።

ለጥቆማ በተሰጠን የፀጥታ ቢሮ ስልክ ቁጥር ደወልሁ።

«ሮንዶች በር ሊሰብሩብን ነው፤ ድረሱልን!»

«እንዳይከፍቱላቸው። መጣን።»

ያን ጊዜ ስልኩ ውስጥ ቆርቆሮ ሲደበደብ ሰማሁ።

ኳ... ኳ... ኳ...

የእኔው በር ነው።

«የት ናችሁ?» አልሁ በሹክሹክታ።

«ደርሰናል ጋሼ። ይክፈቱ።»

ስልኩም በሩም እኩል ተናገሩ።

ምናሴ ተነሣ። «በእኔ የተነሣ እናንተ አትጎዱ። ልውጣላቸው።»

«ቁጭ በል!» ሥርጉት ክንዱን ያዘችው።

መሬት ላይ ተኝቼ በበሩ ሥር አጮለቅሁ። ውጭ ብዙ ሰው ይጨቃጨቃል፤ አንዱ «ጥበቃው የሰፈሩ ነው» ሲል ሌላው «የመንግሥት ነው» ይላል።

እግር ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ግራው የወታደር ከስክስ ጫማ፣ ቀኙ የገበሬ ኮንጎ።

ጭቅጭቁ ቀጥ አለ።

«ከየቤቱ አንድ ሰው ለጥበቃ ወጥቷል» አለ ድምፁ፣ ለስለስ ብሎ። «ከእርስዎ ቤት ማንም አልወጣም። ወይ እሱን... ወይ እርስዎን።»

ምናሴን አየሁት።

በበሩ ሥር አንድ ነገር ተገፍቶ ገባ።

አንድ ከስክስ። አንድ ኮንጎ። ሁለቱም በእኔው እግር ልክ።

ነካኋቸው። ይሞቃሉ... አሁን ከሰው እግር የወጡ ይመስላሉ። ውጭ ያለው እግር ግን የራሱን እንደተጫማ ቆሟል።

አማተብሁ።

«እሺ» አልሁ። «ምናሴን ተዉት። ወጥቼ ከእናንተ ጋር ሰፈር እጠብቃለሁ።»