የጨው ፉርጎዎቹ ነገር

ስድቡ በ1973 ዓ.ም.፣ በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ የድሬዳዋው ባቡር አቃቂ ጣቢያ እንደቆመ ነው። ተሳዳቢው ደራሲው ያደታ ሰቦቃ። የጣቢያው ተሸካሚ ለሜሳ ሻንጣውን ተሸክሞለት ሲያበቃ መጽሐፉን አውጥቶ ፈርምልኝ አለው። ያደታ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ሸክሙ አይበቃህም? ፊደል ሳትጨርስ እኔን ልታነብ?»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። በሚቀጥለው መጽሐፍ ደግሞ ጋዜጣ ዘቅዝቆ የሚያነብ ተሸካሚ ገባ።

አሁን ያደታ ሞቷል። ልቡ ነው አሉ። ሣልስቱ ነው ዛሬ። አንባቢዎቹ በሰቃ ሰፈር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ያንኑ ተሸካሚ እያነሱ ይስቃሉ።

ለሜሳ አብሯቸው ሳቀ።

ሥራ ላይ ነው።

አቃቂ የሚያውቀው በተሸካሚነቱ ነው። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ግን በምስጢር ስሙ «ሚዛን» ይለዋል። ንፍሮ የሚያዞረው ሰውዬ አጎንብሶ አንድ ክብሪት እጁ ላይ አኖረለት። አለቃው ነው፤ «ሸማኔ»።

«አገኘኸው?»

«ገና።»

«ስታገኘው ክብሪቷን ፊቱ አስቀምጥ። ሌላው የኛ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ሩቅ ጣቢያ ይዛወራል። አንተም ቢሮ ትገባለህ። ሸክም ያበቃል።»

ጣጣው ከአንድ ገጽ የመጣ ነው። ያደታ በመጨረሻው መጽሐፉ «ጨው» ተብሎ የተጻፈባቸው ፉርጎዎች ጥይት ጭነው እንደሚያልፉ ጽፏል። ልብ ወለድ ነው ተብሎ ታለፈ። እውነት ነበር። ከጣቢያው አንድ ሰው ነግሮታል፤ ማን እንደሆነ ግን ያደታ ይዞት ሞተ።

ለሜሳ የሰፈሩን ለቅሶ ያውቃል። የታወቀ ሰው ሲሞት ሁሉም የሟች የቅርብ ሰው ነው።

«መጽሐፋቸው ውስጥ ያለው ካፖርት ለባሽ ሰላይ እኔ ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው ጉተማ። «ካፖርቱን የሰፋሁትም እኔ።»

«የሱሪ ቀጠሮ የማታከብር ሰውዬ፣ የምን ሰላይ?» አለችው የክር ፋብሪካዋ ዲንቄ። «ጋሼ ያደታ ፋብሪካ ምን እንደሚመስል ያወቁት በእኔ ነው። ስንት ቀን ምሳዬን በልተው።»

ለሜሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የጨው ፉርጎዎቹን ነገር የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ።

አንዲት ሴት አልሳቀችም። የጣቢያው ስልከኛ ብዙወርቅ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከያደታ ጋር ሻይ ጠጥታለች። ዛሬ ስሟን ያነሳ የለም፤ ቦታዋም በር ሥር ነው።

«ለሜሳ፣ በሞተ ሰው አይዋሽም።»

«እትዬ ብዙወርቅ፣ እኔ ነኝ አልኩ። ስምንት ፉርጎ ነበር።»

«አሥራ አንድ ነው!» ፊቷ ቀላ። «ቆጥሬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አላምን ቢሉኝ ከነሰዓቱ ጽፌ አሳይቻቸዋለሁ። ምነው፣ ይቺን እንኳ ትቀሙኝ?»

«ብዙዬ! ይህን ይዘሽ እስከዛሬ ዝም?» አለ ጉተማ እየቀናባት።

ለሜሳ ክብሪቷን ፊቷ አኖራት።

ሁለት ለቀስተኞች ተነስተው ግራና ቀኟ ተቀመጡ። አንደኛው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። ነጠላዋን አጣፍታ አብራቸው ወጣች።

ሸማኔ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሟል። ማዶ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ሞተሩ ይንኳኳል።

«ዝውውር ነው ብለኸኝ ነበር» አለ ለሜሳ።

«ጥይት ለቆጠረ ዝውውር የለም።»

«ቢሮዬስ?»

«ሠላሳ ሰው ፊት እኔ ነኝ ብለሃል። እንደሰማሁት ጻፍኩት። ለሜሳ ከሴትየዋ ጋር ዛሬ ተይዟል። ከዚህ በኋላ ለሜሳ የሚባል ሰው የለም።» የታጠፈ ወረቀት ሰጠው። ውስጡ አዲስ ስም አለ። «ሚኤሶ ጣቢያ። ተሸካሚ።»

«እምቢ ብልስ?»

«መኪናው ላይ ቦታ አለ።»

ወረቀቱን ተቀበለ።

ወደ ጣቢያው የሚያስወጣው መንገድ በመኪናው ጎን ነው። ብዙወርቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። እጇን በገዛ ነጠላዋ አስረዋታል። ጠባቂው ዞር ብሎ ሲጋራ ይለኩሳል።

«ለሜሳ» አለች በሹክሹክታ። «ሂድ፣ ሳያዩህ። አንተንም ይፈልጉሃል።»

ቆመ።

«አሁን ገባኝ። በራስህ ያላከክኸው እኔን ልትሸሽግ ነው። እኔ ቂል አፌን ከፈትኩ። ልታተርፈኝ ነበር፣ አይደል የኔ ወንድም?»

ባቡሩ ጮኸ።

ወረቀቱን ኪሱ ከተተ፤ ወደ ጣቢያው አቀና።