የአባቴ መቀስ በምሳ ሰዓት

እኔ የጅንና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ከመሃል ሹልክ ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን የሚመጣ ነገር ነው ባይ ነበርኩ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ በራሴ ባይደርስ አላወራልህም ነበር።

ጅግጅጋ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሱቁንም መቀሱንም የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባባን ፓርኪንሰን ነው የጨረሰው፣ መጀመሪያ ቀኝ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ የያዘው መቀስ ጠረጴዛውን ቀጭ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፣ ያኔ ግራ እጁን ይጭንበትና ደንበኛው እንዳያስተውል ይስቃል። እህቴ ሰናይት ውጭ አገር ይህንኑ በሽታ የሚያጠና ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ልጠይቃት ሄጄ ከክንዴ ትንሽ ቆዳ ሰጠኋቸው፣ እነሱ ቆዳውን ገና ምንም ወዳልሆነ ህዋስ ይመልሱትና የአንጎል ህዋስ አድርገው በሳህን ያሳድጉታል።

«በሽታውን የሚያወርሰው የአባባ ጂን አለብህ» አለችኝ፣ «ግን ያለበት ሁሉ አይታመምም፣ ለምን አንዱ ታሞ ሌላው እንደሚተርፍ ነው የምናየው።»

እጄ እንጀራዬ ነው፣ እንዲህ ተንጠልጥዬ የማንን ልጅ ላግባ? ብቻዬን ቀረሁ።

በምሳ ሰዓት ከተማችን ጭር ይላል፣ ሰው ወደ ጫቱና ወደ እንቅልፉ ይገባል፣ እኔ መሄጃ ስለሌለኝ ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ ጨርቅ ላይ ጋደም እላለሁ። አንድ ቀን ቀጭ አለ። አይጥ ነው አልኩ። ቀጭ ቀጭ። ከቶጎጫሌ የመጣ የጭነት መኪና ነው ጠረጴዛውን የሚያነቃንቀው አልኩ፣ መንገዱ ላይ ግን አንድም መኪና የለም። ቀና ስል መቀሱ ብቻውን ይንቀጠቀጣል፣ እጆቼ ደረቴ ላይ ናቸው። ሌላ ምን ላድርግ፣ እንደ አባባ ግራ እጄን ጫንኩበት፣ ዝም አለ፣ ብረቱ ግን ሰው ሲይዘው እንደዋለ ሞቅ ብሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሲከፈት፣ ሽቶ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ አክስት ለማለት እዶ የምንላት ሆዳን፣ «ወርያ! በምሳ ሰዓትም ሥራ ጀመርክ? አላስተኛኸኝም እኮ» አለችኝ።

ማታ ሰናይት ደወለች፣ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አለ። «ህዋሶችህ ዛሬ እርስ በርስ መልእክት መላላክ ጀመሩ!»

«መቼ?»

«በእናንተ ምሳ ሰዓት ላይ።»

«ደህና ናቸው?»

«ገና አላወቅንም።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ፈራሁ፣ ቆይቶ ግን ለመድኩት፣ እንዳትስቅብኝ እንጂ አወራው ጀመር፣ የቀኑን ውሎዬን የምነግረው ሌላ ማን አለኝ? በኋላ ሰናይት ደውላ ሳህኑን ሻጋታ ስለያዘው እንደጣሉት ነገረችኝ፣ አዲስ እናሳድጋለን አለች።

በማግስቱ ተጋድሜ ጠበቅሁ። ምንም የለም። አባባን ሁለተኛ ቀብሬው የመጣሁ መሰለኝ፣ አለቀስኩ። እንባዬን ልጠርግ ስል ነው ያስተዋልኩት፣ ግራ እጄ ቀኝ እጄን አጥብቆ ተጭኖታል። መቼ እንደጫንኩት አላውቅም፣ አንስቼ ለማየትም አልደፈርኩም።