የተቆለፈው ጉድጓድ ዘር

ባየልኝ የሞተው ከኮኪት ወጣ ብሎ በሚገኝ የሰሊጥ እርሻ፣ በሠራተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። ተቅማጥና ትውከት ጨርሶት ዓይኖቹ ጎድጉደው፣ የጣቶቹ ቆዳ ተጨማዶ ነበር። ኢንስፔክተር ፍቅርአዲስ ስትደርስ ግን ሰዉ የሚያወራው ስለ ሬሳው ሳይሆን ስለ ወጥ ሠሪዋ ስለ ሳቢራ ነበር። በቅርቡ ከሱዳኗ የድንበር ከተማ ከገላባት ስለተሻገረች ኮሌራውን ያመጣችው እሷ ናት ብለው ደብድበው አባረዋታል። እሷም ታማ መተማ ዮሐንስ ሐኪም ቤት ተኝታለች።

ፍቅርአዲስ እዚያ ሄዳ ጠየቀቻት። ሳቢራ የታመመችው ባየልኝን ካስታመመች በኋላ እንደሆነ ነገረቻት።

የመጠጥ ውሃ የሚያመላልሰው የቦቴ ሾፌሩ በሽር ነው። ውሃውን ከኮኪት ነው ያመጣሁት ብሎ ማለ። የሠራተኞቹ ካቦ የሆነው የሟቹ ታላቅ ወንድም ፈረደም ይህንኑ አጸና። ፍቅርአዲስ ቦቴውን ዞራ አየችው። ጎማዎቹ ጭቃ ውስጥ ሰምጠው ሣር በቅሎባቸዋል። ዓምና ሰው በኮሌራ ሞቶ የተዘጋውን የውሃ ጉድጓድም አየች። ሰንሰለቱ ዝጓል፤ ጓጉንቸሩ ግን አዲስ ዘይት ተቀብቷል።

ሠራተኞቹ ከሚጠጡበት በርሜል ውሃ፣ ከሟቹና ከሳቢራ የተወሰደው ናሙና ጎንደር ተመረመረ፤ ከዓምናው ሟችና ከገላባት በሽተኞች ናሙና ጋርም ተነጻጸረ። ውጤቱ ሲመጣ ሳቢራ በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጥቷት ድና ነበር። ፍቅርአዲስ ሁሉንም ዳሱ ሥር ሰበሰበችና መሬት ላይ በእንጨት ዛፍ ሣለች።

«ባክቴሪያ ሲራባ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል» አለች። «ልጅ የእናቱን ለውጥ ይወርሳል፤ የራሱንም ይጨምራል። በዚያ የዘር ሐረጉ ይታወቃል። ይኼኛው ቅርንጫፍ የገላባት በሽተኞች ነው። ባየልኝ እዚህ የለም። የእሱ የበቀለው ዓምና እዚሁ ከሞተው ሰው ዘር ነው፤ የበርሜሉም እንዲሁ። የሳቢራ ደግሞ ከባየልኝ ላይ የወጣ ቀንበጥ ነው። እሷ ከእሱ ያዘች እንጂ አላስያዘችውም።»

ዓምና ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ዓይነት እንክብል መታደሉንም አስታወሰቻቸው። ደካማው ባክቴሪያ አለቀ፤ መድኃኒቱን የቻለው ተርፎ ዘር ሆነ። ባየልኝ ያንኑ እንክብል ቢውጥም ያልዳነው ለዚህ ነበር። የገላባቱን ግን እንክብሉ ይገድለዋል።

«ይህ ዘር የከረመው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ሰንሰለቱ አልተሰበረም፤ በቁልፍ ተከፍቷል። ቁልፉ ያለው በእርስዎ እጅ ነው፣ አቶ ፈረደ።»

በሽር አንገቱን ደፋ። ቦቴው ዝናቡ ከገባ ወዲህ አለመንቀሳቀሱን፣ እንዲዋሽ የለመነውም ካቦው መሆኑን ተናገረ።

«ሰዉ ተጠማ» አለ ፈረደ። «አፍልተን እንጠጣለን ብዬ ከፈትኩት። ማገዶው ረጥቦ ነበር።»

«ሳቢራ ስትደበደብስ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሳቢራ ከዳር ተቀምጣ ነበር። «ባየልኝ ሲያጣጥር ውሃ ውሃ ይል ነበር» አለች። «ከዚያው በርሜል እየቀዳሁ አጠጣሁት፣ ጋሼ ፈረደ። እርስዎም ቆመው ያዩኝ ነበር።»

ፈረደ ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ። ከደበደቧት ሰዎችም አንዱም ቀና ብሎ አላያትም።