በአሮጊቷ የኋላ ወንበር

የመዝናኛው ባቡር ሲመለስ ሁሉም ወረደ፤ ዋልተር ሶቦል ብቻ ቀረ። ተሳፋሪውን የሚይዘው የጭን ብረት ተነሣለት። ተቆጣጣሪው «በል እንጂ ሽማግሌው፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» ሲለው የተሰለፉት ሳቁ። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ነበር። አጠገቡ የነበረችው አይሪን ቫሽኮ ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ ከዚያም እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም። በኋላ ይሄ አለመጮኋ ራሱ እንደ ወንጀል ተቆጠረባት።

ዕለቱ የጥቅምት መጨረሻ እሑድ ነበር፤ በሐይቁ ዳር ያለው መዝናኛ ለበረዶው ወራት የሚዘጋበት። ከእንጨት የተሠራችው ሮለር ኮስተር፣ ሽቅብ ወጥታ ቁልቁል የምትወረወረው ባቡር፣ በቲኬቱ ላይ ሌላ ስም አላት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሳፈሩባት ግን «አሮጊቷ» ነው የሚሏት።

መርማሪ ቬርና ፕሩይት የተላከችው ማክሰኞ ነው። ሟቹ የባንክ ባለቤት ቢሆን እሑዱኑ ሦስት መኪና ፖሊስ ይመጣ ነበር። ዋልተር ግን ጡረታ የወጣ በያጅ ነው፤ ልቡ ቆመ ተብሎ ነገሩ ተዘግቶ ነበር። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ሲያገኝ ነው ስልክ የተደወለው። ቬርና ስትደርስ ደግሞ የወረዳው ምክትል ሸሪፍ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«ሴትዮዋ ናት፣ ሳጅን። ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ ሁልጊዜ የሜንታ ከረሜላ ትሰጠዋለች። የምትሠራው ደግሞ ብር ቅብ ቤት ነው፤ ዕቃ በብር ለመለበጥ የሚጠቀሙበት መርዝ እዚያ በጣሳ ተቀምጧል። ነገ ማታ እስር ቤት አስገባታለሁ።»

«ከዚያ በፊት የቀመሰው ነገር የለም?»

«ተሰልፈው ሳለ የአሮጊቷ ተሳፋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የፖም ጭማቂ ቀድቶላቸዋል። ብር ቅብ ቤቱም የሱ ነው። ግን ይሄን ይዩት።»

ፎቶግራፍ አቀበላት። ከመጀመሪያው ቁልቁለት አናት ላይ ያለችው ካሜራ ተሳፋሪውን ሁሉ ታነሣለች። በመጨረሻው ወንበር ላይ ዋልተር ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሏል።

«መርዙ በጥቂት ደቂቃ ይጥላል ብሏል ሐኪሙ» አለ ምክትሉ። «ጭማቂው ቢሆን ሽቅብ ሲወጣ አልቆለት ነበር። ይሄ ሰውዬ አናት ላይ ደርሶ እየጨፈረ ነው! ስለዚህ ከረሜላው ነው።»

ቬርና ፎቶውን ኪሷ ከተተችው።

አይሪንን ያገኘቻት በተዘጋው ምግብ ቤት ውስጥ ነው፤ ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ወጥተዋል።

«ከዋልተር ጋር ምንና ምን ነበራችሁ?»

«ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሳጅን። ምን ልበልዎት?»

«ከረሜላውን በላው?»

«መዳፉ ላይ አደረግሁለት። አልጨበጠውም፤ ወደቀ። እየወጣን አንድ ነገር ነገርኩት። አልመለሰልኝም።»

«ምን ነገሩት?»

«የኛ ነገር ነው።»

«ነገ ማታ እስር ቤት ነው የሚያድሩት። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል» አለች፤ ስለ ማታ ዝናብ እንደተነገራት ሰው።

ሊቀ መንበሩ ሃርላን ዊትኮም ብር ቅብ ቤቱ ውስጥ ቬርናን ቆማ አስጠበቃት፤ ሥራ የያዘ ለመምሰል። ኮቱ ላይ «የመጀመሪያው ተሳፋሪ» የሚል ባጅ አለ፤ ራሱ የሠራው ነው።

«ልጄ፣ አሮጊቷ የተከፈተች ቀን የፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሕፃን ነበርኩ። እሑድ ማታ በማኅበራችን እራት ላይ ስሜ የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ ሊመረቅ ነበር፤ ይሄ ነገር አበላሸብን።»

«ይሄ ነገር ማለት የዋልተር ሞት?»

«ምስኪን። እጁ ለሥራ ጥሩ ነበር፤ ጭንቅላት ግን…» ጣቱን ሰበቀ።

«ፎቶውን ከፎቶ ቤቱ ያወጡት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እንዴታ! ሬሳው ገና ሳይነሣ ሮጬ ሄድኩ። ለፖሊስ ይጠቅማል ብዬ።»

«ሰዉ ሁሉ የሞተው በልብ ነው ሲል?»

ሃርላን ሳቀ። «ለማስታወሻም ይሆናል። ያው እንዳየሽው ነው፤ ዋልተር ሁልጊዜ እንደ ሕፃን እጁን ያነሣል።»

ረቡዕ ጠዋት የመዝናኛው ሥራ አስኪያጅ ግሬዲ ሎማክስ ቬርናን ወደ ባቡሩ መሳፈሪያ አወጣት። ፎቶውን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ።

«ዋልተር? እጁን? ቀልደኛ ነሽ። የዱሮ ተሳፋሪዎቹ እጅ አያነሡም እኮ። እጅ የሚያነሣ በዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ነው። እነሱ እጃቸውን አጣጥፈው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚወርዱት። ከመካከላቸው እጁን ያነሣ ማታ ለሁሉም ቢራ ይገዛል።»

«እሑድ የተለየ ነገር አላየህም?»

«ሲናገር ሰምተነው የማናውቀው ዋልተር በእራቱ ላይ ሁለት ደቂቃ ስጡኝ አለ። ሃርላን ፊት ነው ያለው።»

«አስነሣልኝ» አለች ቬርና፤ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ የጭን ብረቱን ወደ ራሷ ሳበች።

ሰንሰለቱ ባቡሩን እያንቋቋ ሽቅብ ጎተተው። እንጨቱ ከሥሯ ያቃስታል፤ ሐይቁ ግራጫ ነው፤ ምንም አልተሰማትም። ብዙ ዘመን ሬሳ ያየ ሰው በቀላሉ አይደነግጥም። አናቱ ላይ ሲደርስ ትከሻዋን አላላች፤ እጆቿን የሌላ ሰው ይመስል ጭኗ ላይ ተወቻቸው። ባቡሩ ተወረወረ። የኋላ ወንበር ከሁሉም ይብሳል፤ መቀመጫው ከሥሯ ሸሸ፣ ሁለት እጆቿ ሳታዛቸው ብድግ ብለው አየር ላይ ተንሳፈፉ።

ስትመለስ ፊቷ ያው ነበር።

«ተሳፋሪ ኮፍያውን የት ነው የሚተወው?»

«እዚያ መደርደሪያ ላይ። የተረሳውን ማታ ሰብስበን ቅርጫት ውስጥ እንጥላለን። በየቀኑ አንድ ክምር ነው።»

«ቅርጫቱን አምጣልኝ።»

ማታ አራቱም መሳፈሪያው ላይ ተሰበሰቡ፤ ግሬዲ፣ ሃርላን፣ አይሪን፣ ካቴናውን የያዘው ምክትል። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ይመጣ ነበር።

«ሁላችሁም ይሄን ፎቶ አይታችሁ፣ ሰውዬው በሕይወት አለ አላችሁ» አለች ቬርና። «እኔ ደግሞ አንገቱን አየሁ። አገጩ ደረቱ ላይ ነው። የእጁ አንጓ ታጥፏል፤ ጣቶቹ ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ዛሬ ከኋላ ተሳፍሬ እጄን ለቀቅኩት፤ ራሱ ተነሣ። ዋልተር እጁን አላነሣም። ቁልቁለቱ ነው ያነሣለት። አናት ላይ ሲደርስ ሞቶ ነበር።»

«እሺ፣ ቢሆንስ?» አለ ምክትሉ።

«ከረሜላው የተሰጠው ሽቅብ ሲወጣ ነው። መርዙ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ስለዚህ ከመሳፈሩ በፊት ነው የጠጣው። የቀዱለት እርስዎ ነዎት፣ ሚስተር ዊትኮም።»

ሃርላን ፈገግ አለ። «ለሁሉም ቀዳሁ፤ ለግሬዲም። ሞተ እንዴ?»

«ሰዉ ልቡ ነው ሲል እርስዎ ለፖሊስ ፎቶ ፍለጋ ሮጡ። እጅ ማንሣት በናንተ ዘንድ ነውር እንደሆነ እያወቁ፣ ሁልጊዜ ያነሣል አሉኝ። ያ ፎቶ ጭማቂውን ነፃ የሚያወጣ መሰለዎት። አንድ ነገር ግን አመለጠዎት። እዚህ ቆሻሻ መጣያ የለም፤ ዋልተር ደግሞ መሬት ላይ የሚጥል ሰው አልነበረም።» ከላስቲክ ውስጥ የዋልተርን ያረጀ ኮፍያ አወጣች። «የወረቀት ኩባያውን አጥፎ ኮፍያው ውስጥ ከቶ፣ መደርደሪያው ላይ ትቶት ነው የተሳፈረው። ከሰዓት ላቦራቶሪ አየው። መርዙ አለበት።»

ግሬዲ ወደ ሃርላን ዞረ። «አንተ ሰውዬ! ለምን?»

የመለሰችው አይሪን ናት። «የዋልተር አባት ይሄን እንጨት ከመቱት አናጢዎች አንዱ ነበር። በተከፈተችበት ቀን የፊት ወንበር ላይ ልጁን ዋልተርን ይዞ ተቀመጠ። ሃርላን ግን ፈርቶ አጥሩ ሥር ቆሞ ሲያለቅስ ዋልተር አይቶታል፤ የሃርላን ሱሪ በሽንት ርሶ ነበር። ዋልተር ይሄንን በእራቱ ላይ ሊናገር ነበር።»

«ለዚህ?» አለ ምክትሉ።

የሃርላን ከንፈር ነጣ። «ዕድሜ ልኬን ያ በያጅ ባየኝ ቁጥር ፈገግ ይል ነበር። አንዲት ቃል አይናገርም፤ ፈገግ ብቻ! ዕድሜ ልክ! ታውቁታላችሁ እናንተ?»

ምክትሉ ካቴናውን ለሌላ ሰው ይዞት እንደመጣ ለቅጽበት ትዝ ያለው መሰለ፤ ከዚያ ሃርላንን አሰረውና ደረጃውን ይዞት ወረደ። ግሬዲ መብራቱን ሊያጠፋ ሄደ።

አይሪን እጆቿን አንዴ አየቻቸው።

«ጨርሻለሁ ማለት ነው?»

«ነፃ ነዎት። ቤትዎ ላድርስዎት።»

መኪናው ጋ ሲደርሱ አይሪን ቆመች።

«ሳጅን፣ ሽቅብ ስንወጣ… ይሰማ ነበር?»

«ምን ነግረውት ነበር?»

«በበጋ ጠይቆኝ ነበር። ቤቴ ግቢ፣ አብረን እናርጅ ብሎ። መልስ ሳልሰጠው ቆየሁ። እየወጣን እሺ አልኩት።»

ቬርና አፏን ከፈተች። ሰምቶዎት ይሆናል ማለት ቀላል ነበር። ግን ሽቅብ ሲወጣ ዋልተር በሕይወት አልነበረም ብላ ያስፈታቻት እሷ ራሷ ናት፤ በአራት ሰው ፊት፣ በማስረጃ።

የመኪናውን በር ከፈተችላት።

«ግድ የለም» አለች አይሪን፤ ገብታም ተቀመጠች።