በሸፊ ተራ

ውሸት ነው የሚል ካለ ሽሮ ሜዳ ይውጣና ሰፈሩን ይጠይቅ። የሆነ ነገር ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ።

ሸፊ ጋቢና ነጠላ ነጋዴ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር ቼዝ ይገጥማል። ሁሌም ይሸነፋል። እልኸኛ ስለሆነ ግን አይተውም።

ፕሮግራሙን የጫነለት ኮምፒውተር ጠጋኙ ማቲ ነግሮት ነበር።

«ሸፊዬ፣ ይሄ ነገር ባንተም ተራ ያስባል። ምን እንደምትጫወት ገምቶ መልሱን ቀድሞ ያዘጋጃል።»

«ያስባ! ተራው የኔ እስከሆነ ድረስ ምን ያመጣል?» ብሎ ሳቀበት።

የዚያን ቀን በሸፊ ተራ ላይ አዛን ተባለ። ጨዋታውን እንዳለ ተወው። የአምስት ዓመት ልጁን ሀያምን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ መስጂድ ሄደ።

ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

«ሀያም!» ብሎ ተጣራ።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ነበር... በአማርኛ። ፕሮግራሙ አማርኛ አያውቅም።

«የሚጠበቅ፦ ሸፊ ይገባል። ‹ሀያም!› ብሎ ይጣራል።»

ቀጣዩን መስመር አነበበ።

«የሚጠበቅ፦ ዘኪያ ‹ካንተ ጋር አይደለችም እንዴ?› ትላለች።»

«ካንተ ጋር አይደለችም እንዴ?» አለች ሚስቱ ዘኪያ፣ ከጎረቤት ሱቅ ስትመለስ።

«ቆይ...» አለ በሹክሹክታ። «ቆይ፣ ላንብበው...»

«ምኑን? ልጄስ?!»

«የሚጠበቅ፦ ሸፊ ቆሞ ያነባል።»

«የሚጠበቅ፦ አሁንም ያነባል።»

«የሚጠበቅ፦ አሁንም...»

ያኔ ነው ቀና ያለው። ዓይኑ መጀመሪያ ስሙ ላይ አርፎ የላይኛውን መስመር ዘሎት ነበር።

«ምርጥ እርምጃ፦ ጓሮ። የውሃው በርሜል። አሁኑኑ።»

በረረ።

የበርሜሉ ክዳን ተዘግቷል። ላዩ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል። ማን እንደጫነው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ባልና ሚስት ተጋግዘው ገፍተው ጣሉት።

ውሃው ገና አልረጋም ነበር...

ልጅቷ ግን ረግታለች። የዘገዩት በአንዲት ደቂቃ ነበር እኮ!

በማግስቱ ለለቅሶ የመጣው ማቲ ኮምፒውተሩን ሊያጠፋ ወደ ሱቁ ገባ። ሸፊ ለሚስቱ ስለ ጽሑፉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «አንቺ እስክትመጪ ስፈልጋት ነበር» ብሏታል።

ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል።

«የሚጠበቅ፦ ዘኪያ ‹ስንት ደቂቃ ቆመህ አነበብክ?› ትለዋለች።»

ሱቁን ከቤቱ ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ሸፊ...» አለች ዘኪያ፣ ቀስ ብላ።