ከመስኮቱ ሥር ያለችው ሴራሚክ

በጂንካ ክረምት ቤት ማጽዳት ከቀዩ ጭቃ ጋር የማያልቅ ግብግብ ነው። የሺሀረግ ግን ሳሎኗን ስትወለውል አትማረርም። መጀመሪያ አሸዋውን ጠርጋ ታወጣለች፤ አሸዋ ከተፈተገበት ሴራሚኩ ይጫራል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ላይ ላርጎ ጠብ ታደርጋለች። ከመስኮቱ ሥር ያለው ጥግ ጋ ስትደርስ ደግሞ ጨርቁን ጥምዝዝ አድርጋ ትጨምቃለች። እዚያች ሴራሚክ ሥር ውሃ መግባት የለበትም።

ይህን ሁሉ ያስተማራት ሚልክያስ ነው።

ያኔ ሚልክያስ ሴራሚክ እያነጠፈ የሚያድር፣ ከሶዶ የመጣ ወጣት ነበር። የየሺሀረግ እናት ወይዘሮ ብዙወርቅ ገበያ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው ሳሎናቸውን ሴራሚክ ሲያስነጥፉ፣ የሰፈሩ ሰው የሠርግ ቤት ይመስል እየመጣ አየ።

«እህቴ፣ በረኪና አታብዢ» አላት አንድ ቀን፣ ተንበርክኮ ነጩን ሲሚንቶ በየመስመሩ እየሞላ። «መስመሩን ይበላዋል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልሽ ፈትጊው።»

«አንተ ከሄድክ በኋላ ቢበላሽብኝስ?»

ቀና ብሎ አያት። ምን ብላ እንደጠየቀች ለራሷም የገባት ያን ጊዜ ነው። ፊቷ ጋለ።

ሥራው አለቀና ሄደ። በማግስቱ ስትወለውል፣ ከመስኮቱ ሥር ያለችው ሴራሚክ እግሯ ሲያርፍባት ኳ አለች። በጣቷ አንኳኳቻት፤ ከሥር ባዶ ናት፣ ሲሚንቶ አልያዛትም። የሺሀረግ ደነገጠች። እናቷ በሥራ ቀልድ አያውቁም፤ ይህን ከሰሙ ወሬው ገበያውን ያዳርሳል። ከዚያ በኋላ ጂንካ ውስጥ ማን ያሠራዋል? ትንሽ ምንጣፍ አምጥታ ሸፈነቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትወለውልም ዙሪያዋን ብቻ ሆነ።

ሚልክያስ ግን ያቺን ሴራሚክ የተዋት ሆን ብሎ ነበር። እንግዳ የሆነ የእጅ ሠራተኛ ያለ ምክንያት የሰው ሴት ልጅ ፈልጎ በር አያንኳኳም፤ ምክንያቱን እዚያው ወለሉ ላይ ትቶ ወጣ። «ሴራሚክ ተነስቷል፣ ና» እስኪባል ድረስ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በተከራያት ክፍል ስልኩን እያየ ጠበቀ። የጠራው የለም። እሷ ስሙን እየጠበቀችለት፣ እሱ ረስታኛለች ብሎ ቆረጠ።

ክረምቱ ሲወጣ ቱርሚ ለሚሠራ ሆቴል ሴራሚክ ሊያነጥፍ ተዋዋለ። ሳይሰናበታት መሄድ ግን አላስቻለውም።

«ሴራሚኩ እንዴት ነው?» አለ ጫማውን በር ላይ አውልቆ።

«ደህና ነው» አለች የሺሀረግ። ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ ወጥታ ቆመች።

«አንዱም አልተነሳም?»

«አንዱም።»

ሚልክያስ አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው ደህና ሁኚ። ነገ በአይሱዙ ወደ ቱርሚ እሄዳለሁ።»

አትሂድ ልትለው ፈለገች፤ ግን ምንጣፉን እንደረገጠች ቀረች። እሱ ጫማውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወይዘሮ ብዙወርቅ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«የሺ፣ ከምንጣፉ ላይ ውረጂ።»

«እማዬ…»

«ውረጂ አልኩሽ! እኔ ደንቆሮ መሰልኩሽ? ሥራው ያለቀ ቀን ነው አንድ በአንድ በመጥረጊያ እጀታ ያንኳኳሁት።» ወደ ሚልክያስ ዞሩ። «አንተም ቤቱን በሙሉ እንዲህ አሳምረህ አንዷን ብቻ የምትስት ሰው አይደለህም። ማንኛችሁ ቀድማችሁ እንደምትናገሩ ሳይ ክረምቱ ወጣ! በሉ ተነጋገሩ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ መላክ የሚያውቅ ሰው ይልካል።»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ጓዳ ተመለሱ። የሺሀረግ ምንጣፉን አነሳች። ሚልክያስ መጀመሪያ ሴራሚኳን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«ሸፈንሻት?»

«ስምህ እንዳይጠፋ ብዬ።»

«እኔ እኮ እንድትጠሪኝ ብዬ ነበር።»

የሺሀረግ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ሚልክያስ ቱርሚ ሠርቶ እንደተመለሰ ሽማግሌ ላከ።

ዛሬ ወይዘሮ ብዙወርቅ የሉም፤ ቤቱ የየሺሀረግና የሚልክያስ ነው። ልጃቸው መሲ «አባዬ፣ የከተማውን ሴራሚክ ሁሉ አንጥፈህ ይቺን አንዷን ማስተካከል አቃተህ?» እያለች ትቀልድበታለች። «ጊዜ አጣሁ» ይላታል ሁልጊዜ።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ የሚያመውን ጉልበቱን እያሻሸ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ በተረከዙም ኳ ያደርጋታል።

«ሴራሚክ የተነሳበት ቤት ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው» ትለዋለች የሺሀረግ ከጓዳ፤ «ምነው ዘገየህ?»